በቡና ቀበሌያችሁ እንግዳ መቀበል ለመጀመር፦ ከኮሮና በኋላ ለጅማ ዙሪያ የሚሆን መመሪያ

ይህን የምጽፈው ማና፣ ጎማ፣ ሰቃ ጮቆርሳ፣ ጌራ ወይም ሊሙ ኮሳ ወረዳ ሆናችሁ «እኛስ ጋ ሰው ቢመጣ ምን አለ?» ለምትሉ ነው። የወጣት ማህበር ብትሆኑም፣ የተሰባሰባችሁ ጎረቤታሞች ብትሆኑም ያው ነው። ሎጅ ለመገንባት ላሰበ ባለሀብት ግን አይሆንም። ያ ሌላ ሥራ ነው።

ዋናውን ነገር ቶሎ ልንገራችሁ። ቱሪዝሙ የቡናው ተቀጥላ ይሁን እንጂ ምትኩ አይሁን። ገንዘቡ የሚከፋፈልበት ደንብ ደግሞ የመጀመሪያው እንግዳ ሳይመጣ ይጻፍ። ሌላው እየሠራችሁ የሚስተካከል ነው።

1. ገበያው ምን እንደሆነ ይግባችሁ

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዓለም ደረጃ ድንበር ተሻግሮ የሚጓዘው ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። ወደ ቀድሞው መጠን የተጠጋው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እኛ ጋ ደግሞ ጦርነቱና የጸጥታው ችግር በላዩ ላይ ተደረበ። ፈረንጅ ብቻ ጠብቆ የሚኖር አስጎብኚም፣ ሆቴልም፣ መኪና አከራይም ክፉኛ ተጎዳ። እርሻውን ይዞ እንግዳ ደግሞ በትርፍ ጊዜው የሚቀበለው ሰው ግን ቢያንስ የሚበላው አላጣም። ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ያዙ ብባል የምይዘው ይህንን ነው።

ታዲያ አሁን የሚመጣው ማነው? በብዛት የአገር ሰው ነው። ወራት ቤት ተዘግቶበት የከረመ ከተሜ አየር ፈለገ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድን ጠብቀው ተራራና ጫካ የሚወጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች በዙ። ቴሌግራም ላይ ይጠራራሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሚኒባስ ወይም ኮስተር ይከራዩና ውልቅ ይላሉ። ውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ ለቤተሰብ ጥየቃ ሲመጣ ልጆቹን ገጠር ማሳየት ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ወስነው የሚነሱት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ከማያውቁት ሕዝብ ጋር ከመታጨቅ ከጓደኛና ከዘመድ ጋር መሆን ይመርጣሉ። ቆሞ ከማየት ይልቅ እጃቸውን አስገብተው መሥራት ያምራቸዋል። ስለ ንጽህና ከድሮው ይልቅ ይጠይቃሉ። ቪዲዮ ደግሞ ያነሳሉ፣ እሱ የማይቀር ነው።

በመንግሥታቱ ድርጅት የቱሪዝም ድርጅት በኩልም ነገሩ ወደ ገጠር አዘንብሏል። እ.ኤ.አ. በ2021 «ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች» የሚባል ዕውቅና ተጀመረ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች መካከልም የኛው ወንጪ ነበረች። በቀጣዮቹ ዓመታት ጮቄና ሌጲስ ተጨመሩ። ለውድድሩ የሚቀርበው ቦታ የነዋሪው ቁጥር ከ15,000 የማይበልጥ መሆን አለበት። ይህን የምለው ነገ ተወዳደሩ ለማለት አይደለም። ትንሽ መሆን ጉድለት እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው።

2. ያላችሁን ቁጠሩ

ወረቀት ያዙና ቀበሌውን በእግር ዙሩ። ሽማግሌም፣ ሴትም፣ ወጣትም አብረው ይዙሩ፣ ምክንያቱም ወጣቱ የማያየውን ሽማግሌው ያያል፣ ሁለቱም የማያዩትን ደግሞ ውሃ የምትቀዳዋ ታውቃለች።

ምን ይገኛል? የጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና፣ ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ። ጉሬዛ የሚውልበት ጥግ። የጅማ በርጩማ የሚጠርብ ባለሙያ። ምንጭ። የድሮ መስጊድ። ጨዋታ የሚያውቁ አዛውንት። ለእናንተ የሰለቻችሁ ነገር ለእንግዳው አዲስ ነው፣ በተለይ ቡናን በጀበና እንጂ በዛፍ አይቶ ለማያውቅ ከተሜ።

ከከተማው ጋርም አያይዙት። ጅማ ለሚመጣ ሰው ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የመጀመሪያው መድረሻ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ፣ ታሪካቸውን ሰምቶ የወጣ እንግዳ ቀጥሎ የት ልሂድ ማለቱ አይቀርም። ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬና ወፍ ማየትም ይቻላል። እናንተ የዚህ ጉብኝት ሁለተኛ ቀን ናችሁ። ከቤተ መንግሥቱ ጋር አትፎካከሩ፣ ከሱ ቀጥሉ።

አንድ ነገር በመሃል። የቡና መገኛ ጮጬ ነው ወይስ ከፋ የሚለውን ክርክር በእንግዳ ፊት አትክፈቱት። ጎማ ውስጥ ስለ ጮጬ የሚባለውን ተርኩለት፣ ከፋዎችም የራሳቸው አላቸው በሉት፣ ወደ ማሳው ይዛችሁት ግቡ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ይበላል፣ ማንም አይረታም።

3. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ብዙ ቦታ የማየው ችግር ዝርዝሩ መርዘሙ ነው። ፏፏቴ፣ ዋሻ፣ ፈረስ፣ ጭፈራ፣ ሙዚየም፣ ካምፕ፣ ሁሉንም እንላለን፣ አንዱም ሳይዘጋጅ እንግዳ ይመጣል። በአንድ የግማሽ ቀን ፕሮግራም ጀምሩ። ለጅማ ዙሪያ እኔ የምመርጠው ከቡና ዛፍ እስከ ስኒ የሚሄደውን ነው።

ሲዘረዘር ይህን ይመስላል። እንግዶቹ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እጅ ይታጠባሉ፣ ትንሽ ዳቦና ማር ይቀምሳሉ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ጫካ ውስጥ በእግር። ቀጥሎ ለቀማ። ሁሉም ቅርጫት ይሰጠውና ቀይ ቀዩን ብቻ ይለቅማል፣ የለቀመውን ራሱ ይመዝናል፣ አንድ ለቃሚ በቀን ምን ያህል እንደሚለቅም ሲነገረው ቡና ለምን ውድ እንደሆነ ይገባዋል። ወደ ማድረቂያ አልጋው ሄዶ ያገላብጣል። ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በሙቀጫ ይወቅጣል። በመጨረሻ ቤት ገብቶ ይቆላል፣ ያሸታል፣ ይጠጣል። ቡና ቀላ የሚሠራ ቤት ካለ፣ በቅቤ የታሸው ቡና ለብዙ ሰው ፍጹም አዲስ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ በልተው ይሸኛሉ።

ወቅቱን አትርሱ። ቀይ ቡና የሚለቀመው በብዛት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ያ ጊዜ ለናንተም ሥራ የሚበዛበት ነው፣ ስለዚህ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንግዳ አትቀበሉ። ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ አበባው ነው። ከየካቲት ጀምሮ የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ሲያደርግ ቡናው ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው ሰፈሩን ይሞላዋል፣ ግን ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። እዚህ ላይ የመጨረሻ ሰዓት ወሳኙ ከተሜ ይጠቅማችኋል። እምቡጡ መከፈት ሲጀምር ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቅ አድርጉ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ። ክረምቱን ግን ዝጉ። ጭቃ ውስጥ የቀረ ሚኒባስ የሚያመጣውን ስም በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ማሳው የማነው? ባለቤቱ ይሁንታ ይስጥ፣ ለእንግዳ የሚሆነውም መስመር ይለይ። አለበለዚያ ጥሬው ይሸመጠጣል፣ ቅርንጫፍ ይሰበራል። ቦታችሁ እንደ በለጠ ጌራ ያለ፣ ነዋሪው በማህበር የሚያስተዳድረው ደን ከሆነ ደግሞ ያለ ማህበሩ ስምምነት መንገድ አትክፈቱ። ጌራና ሸቤ አካባቢ «ዋቡብ» የሚባሉት የደን አስተዳደር ማህበራት ለዓመታት የሠሩበት ደንብ አላቸው። አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም በነሱ ሥር መግባት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

4. የገንዘቡን ነገር ተቀምጣችሁ ጨርሱ

ማህበረሰቡን የሚያጣላው እንግዳ ማጣት አይደለም። እንግዳ መጥቶ ብሩ የት እንደገባ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

በምሳሌ ልሥራው። አሥር ሰው መጣ እንበል፣ በሰው 1,500 ብር፣ ድምሩ 15,000። ምግብና ቡና ያዘጋጁት ቤቶች 6,500 ይውሰዱ። አስጎብኚዎቹ 2,500። ባለማሳው 2,000። ስልክ የሚያነሳውና የሚሯሯጠው አስተባባሪ 1,000። ለቀበሌው የጋራ ሥራ፣ ለምንጭ ማጎልበቻ ወይም ለትምህርት ቤት፣ 1,500። የቀረው 1,500 መጠባበቂያ ሆኖ ባንክ ይገባል። ቁጥሩን እንደ አካባቢያችሁ ቀያይሩት። መጠባበቂያውን ግን አትንኩት፣ ኮሮና ዓይነት ነገር ወይም የመንገድ መዘጋት ሲመጣ ማህበሩን የሚያቆየው እሱ ነው።

ምግብ የሚያዘጋጁት ቤቶች በተራ ይሁኑ። «የእገሌ ቤት ሰፊ ነው» እየተባለ አንድ ቤት ከተደጋገመ አለቀ። ተራውን በግልጽ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ እቁብ የጣለ ሰው ይህን ማስተዳደር አያቅተውም። የሴቶቹን ድርሻ ደግሞ ለራሳቸው በእጃቸው ስጡ፣ ወይም በራሳቸው ስልክ በቴሌብር ላኩ። ድካሙ የነሱ ሆኖ ብሩ በባል ኪስ የሚያልፍበት አሠራር አያዛልቅም።

ከእንግዳው ቀብድ ተቀበሉ። ግማሹ በቴሌብር ወይም በባንክ ቀድሞ ይግባ። ከሁለት ቀን በፊት ከሰረዘ ይመለስለት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ አይመለስም፣ ምክንያቱም ጎመኑ ተገዝቷል። መንገድ ተዘግቶ ከቀረ ግን ወደ ሌላ ቀን አዙሩለት። ይህንን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ገና ሲጠይቅ ላኩለት።

ሞዴል ለሚፈልግ፣ ላሊበላ አቅራቢያ መቄት ውስጥ የተጀመረውን የተስፋ ማህበረሰብ ቱሪዝም ጠይቁ። ማረፊያዎቹ የገበሬው ናቸው፣ እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። መሬቱም ባህሉም ከኛ ይለያል፣ ግን ባለቤቱ ማህበረሰቡ የሆነበት አሠራር መማሪያ ነው።

5. ወረቀት

አጭር ነው ግን አትዝለሉት። ቀበሌውን አሳውቁ፣ ቱሪዝምን ወደሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ ማህበር ወይም ህብረት ሥራ ሆናችሁ ተመዝገቡ፣ በማህበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ ፈራሚ ሁለት ወይም ሦስት ይሁን። እንግዳ ሲመጣ፣ በተለይ የውጭ ዜጋ ከሆነ፣ ቀበሌውና ፖሊስ ቀድመው ይወቁ። ቡና ለእንግዳ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቡና ያለ ፈቃድ በብዛት ማጓጓዝ እንደማይቻል ታውቃላችሁ። እንግዳውን ኬላ ላይ አታስይዙት።

6. ምግብ፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ

ከውጭ የመጣ አማካሪ የማያውቀው ነገር ይኸውና። የጅማ ገጠር አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቡድን ውስጥ ደግሞ ክርስቲያኑ ይበዛ ይሆናል። ሥጋ ካቀረባችሁ ግማሹ አይበላም፣ አለመብላቱን መናገርም ያፍራል፣ አስተናጋጇ ትከፋለች፣ ምሳው ይበላሻል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥጋ ከነጭራሹ አይቅረብ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ማር፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ለሚጠጣ እርጎ። ይህ ሁሉንም ያስማማል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ቅቤ የሌለበት ለብቻ ይሠራ። ቡና ቀላውንም ለጾመኛ አታቅርቡ፣ ንገሩትና ይመልከት።

በረመዳን አስተናጋጆቹ ራሳቸው ይጾማሉ። ያን ወር ወይ ዝጉ፣ ወይ ለአፍጥር ጥቂት ሰው ብቻ ጥሩ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ፕሮግራም አይኑር። መጠጥ ይዘው እንዳይመጡ ደግሞ ከመነሻው ይነገራቸው፣ ቤት ገብተው ካወጡት በኋላ መናገር ለሁለቱም ወገን አሳፋሪ ነው።

ንጽህናውን በሚመለከት አዲስ ነገር አያስፈልግም። ማስታጠብ የኛው ወግ ነው። ጀበናው ሳይቀርብ ውሃና ሳሙና ይቅረብ፣ እጅ ማድረቂያው ለየብቻ ይሁን፣ ስኒው በፈላ ውሃ ይለቅለቅ። የሚጠጣው ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን። መጸዳጃ ቤቱን ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ ሥሩ። በር ያለው፣ ከውስጥ የሚዘጋ፣ ውሃና ሳሙና አጠገቡ ያለ። የጉድጓድ ቢሆንም ችግር የለም፣ ንጹሕ ከሆነ ማንም አያማርርም። ካልሆነ ግን ጫካው፣ ማሩ፣ ቡናው ተረስቶ እሱ ብቻ ይወራል።

7. አስጎብኚ አሰልጥኑ

አስጎብኚ ማለት ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። መንገዱን የሚያውቅ፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ሲጠየቅ «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ማለት የማያፍር ሰው ነው። አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይሁኑ። አፋን ኦሮሞና አማርኛ የግድ ነው፣ እንግሊዝኛ የሚሞክር ልጅ ከኮሌጅ አይጠፋም። ቁስል ማሰሪያና አልኮል ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ቅርቡ ጤና ኬላ የት እንደሆነ፣ መኪና ያለው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ።

ፎቶ በፈቃድ ብቻ ነው። ለቃሚዋ ሥራ ላይ ናት፣ መጀመሪያ ትጠየቅ። ልጆችን ደግሞ ጥበቃ አድርጉላቸው። እንግዳው ከረሜላና ሳንቲም መበተን ከጀመረ በአንድ ወቅት ውስጥ ልጆቹ ትምህርታቸውን ትተው መንገድ ይጠብቃሉ። መስጠት የሚፈልግ ካለ ለትምህርት ቤቱ ደብተር ያምጣ፣ በማህበሩ በኩል ይግባ።

8. መጀመሪያ ሞክሩ፣ ከዚያ አስታውቁ

የመጀመሪያዎቹ እንግዶቻችሁ ከሩቅ አይምጡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችሁ ነው። መምህራኑ፣ ከሌላ ክልል የመጡት ተማሪዎች፣ ለስብሰባ የሚመጡት እንግዶች ሁሉ ቅዳሜ የት እንደሚሄዱ ግራ የሚገባቸው ናቸው። ጥቂቶቹን በምግቡ ዋጋ ብቻ ጥሩ፣ ሲመለሱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ረዘመባችሁ? ምን አነሰባችሁ? ስንት ብትከፍሉ ቅር አይላችሁም? የመጨረሻው መልስ ዋጋ ያስቆርጣችኋል።

ከዚያ ማስታወቅ ነው። ብሮሹር አታሳትሙ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ የቴሌግራም ቻናል፣ ሁሌ የሚነሳ አንድ ስልክ፣ ካርታ ላይ በትክክል የተቀመጠ ነጥብ፣ በግልጽ የተጻፈ ዋጋ ነው። «ዋጋው በውስጥ መስመር» የሚለውን ነገር ተዉት፣ ሰው ይሸሻል። ቪዲዮ አጭር ይሁን፣ ድሮን አያስፈልግም፣ የሚቆላ ቡና ድምፅና ቀይ ቡና የያዘ እጅ ይበቃል። የአዲስ አበባ የእግር ጉዞ ቡድን አስተባባሪዎችን ለይታችሁ ጻፉላቸው፣ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለእነሱ ቢያንስ የሁለት ቀን ጉዞ ነው፣ ስለዚህ ከጅሬን ጋር አጣምራችሁ አቅርቡ። የጅማ ሆቴሎች እንግዳ መቀበያ ላይ ያሉ ልጆችንም ተዋወቁ፣ «ምን የሚታይ አለ?» ተብሎ መጀመሪያ የሚጠየቀው እነሱን ነው።

የመንገዱን ነገር ዋሹ የሚላችሁን አትስሙ። ጸጥታው ወይም መንገዱ የሚያሳስብ ከሆነ ቀጠሮውን ራሳችሁ ሰርዙ። ደውሎ «በዚህ ሳምንት አትምጡ» ያለ ማህበር በሚቀጥለው ወር ይታመናል።

9. ማደርያው ይቆይ

ሁሉም የሚቸኩለው ለማደርያ ነው። ጎጆ እንሥራ፣ አልጋ እንግዛ። አይደለም። የመጀመሪያውን የለቀማ ወቅት በውሎ ብቻ ጨርሱት፣ እንግዳው ጅማ ሆቴል ይደር። ወቅቱ ሲያልቅ መዝገባችሁን ክፈቱ። ስንት ሰው «ማደር ይቻላል?» ብሎ ጠይቋል? ጥቂት ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ብዙ ከሆነ አዲስ ቤት ሳትሠሩ፣ ትርፍ ክፍል ካላቸው ሁለት ቤቶች ጀምሩ። ንጹሕ አንሶላ፣ አጎበር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ የሶላር መብራት፣ ስልክ መሙያ። ሴት እንግዳ ብቻዋን ከመጣች ሴቶች ባሉበት ቤት ትደር። ብድር ወስዶ ጎጆ መደርደር ግን ቱሪዝሙን ከቡናው ተቀጥላነት አውጥቶ ዕዳ ያደርገዋል።

10. ልኩን አስቀምጡ

በአንድ ቀን ስንት ሰው? እኔ ለአንድ ማሳ ከአሥራ አምስት አይበልጥ እላለሁ። ሠላሳ ሰው በኮስተር ቢመጣ በሁለት ማሳ ይከፈል ወይም በሁለት ቀን። ብሩ ያጓጓል፣ አውቃለሁ፣ ግን ሠላሳ ሰው የረገጠው የቡና ጫካ በሳምንቱ ያስታውቃል፣ ለቃሚዎቹም ሥራ መሥራት ያቅታቸዋል፣ ጉሬዛውም ቦታ ይቀይራል።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ለቀማው ሳይጀመር፣ ሁላችሁም ተሰብሰቡ። ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ዋጋው ይከለስ፣ የቤቶቹ ተራ እንደ አዲስ ይውጣ። እንግዳ የሰለቸው ቤት ካለ ያለ ሐሜት ይውጣ፣ የሚገባ ካለ ይግባ። አስተባባሪውም ይቀየር፣ ጎበዝ ቢሆንም።